የባሮን ሙላት ለሕዝብ በሥዕል ስለማሳወቅ

በጋምቤላ በአደጋ መከላከል፣ በእርዳታና በሠፈራ ሥራ ላይ ለተሰማሩ ኃላፊዎችና ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



በነሐሴ ወር በጋምቤላ ከተማ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ የባሮ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የጣለው በከተማው ላይ ሳይሆን በጎሬ፣ በመቱ፣ በማሻና በደምቢ ዶሎ ደጋዎች ላይ ነውና። ይህንን በደጋው የዝናብ መለኪያ የሚመዘግበው ሠራተኛ ያውቀዋል፤ በአዲስ አበባ ያለው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያም ይገምተዋል። በኢታንግ በወንዙ ዳር በቆሎ የዘራችው እናት ግን የምታውቀው ውሃው ከደጃፏ ሲደርስ ነው። በእነዚህ ወገኖች መካከል ያለው ርቀት የመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም፤ የቋንቋና የፊደል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአነጋገር ርቀት ነው። ባለሙያው «ሊሆን ይችላል» እያለ ይናገራል፤ እናቲቱ የምትፈልገው «ልነሣ ወይስ ልቀመጥ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ በእርግጠኝነት ያልታወቀ አደጋ ለሕዝብ በሥዕል፣ በካርታና በምልክት እንዴት ሊቀርብ እንደሚገባው መመርመር ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጥርጣሬን የደበቀ ሥዕል ሕዝብን ያዘናጋል፤ ጥርጣሬን ብቻ አሳይቶ ምን መደረግ እንዳለበት ያላመለከተ ሥዕል ደግሞ ሕዝብን ግራ ያጋባል። የሚጠቅመው ሥዕል ጥርጣሬውን ሕዝቡ በዓይኑ በሚያውቀው ቦታ ላይ የሚያሳይና ለእያንዳንዱ የአደጋ ደረጃ የሚገባውን ተግባር የሚያመለክት ነው።

የወንዙ ጠባይ

እንደሚታወቀው ባሮ የሚፈጠረው የቢርቢርና የገባ ወንዞች ሲገናኙ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ የተሰበሰበው ውሃ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ በፍጥነት ይወርዳል። ከጋምቤላ ከተማ በታች ግን መሬቱ እጅግ ለጥ ያለ በመሆኑ፣ ከአፋፉ ያለፈው ውሃ ወደ ጎን ተንጣሎ ይተኛል እንጂ ቶሎ አልፎ አይሄድም። ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ የሶባትን ወንዝ ከመሠረተ በኋላ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። የአልዌሮ፣ የጊሎና የአኮቦ ወንዞችም በዚሁ ሜዳ የሚያልፉ ናቸው።

ሙላቱ ለአካባቢው መቅሠፍት ብቻ ሳይሆን ሀብትም ነው። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቆም የተፈቀደው፣ ወንዙ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እስከ ጋምቤላ መዝለቅ ስለሚችሉ ነበር። በበጋ ውሃው ሲጎድል የመርከቡ ጉዞ ይቋረጥ ስለነበር፣ የወንዙ ከፍታ የንግዱን ዓመት ይወስን ነበር ማለት ነው። የአኙዋ ገበሬ ውሃው ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ይዘራል። የኑዌር ከብት አርቢ ክረምቱን ከፍ ባለ ቦታ ላይ በሚገኘው መንደሩ ያሳልፍና በበጋ ከብቱን ወደ ወንዝ ዳር ሣር ይነዳል። ስለሆነም «ውሃ ይመጣል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር አይነግረውም። ውሃ ሁልጊዜ ይመጣል። ሊነገረው የሚገባው ውሃው ከተለመደው ወሰን አልፎ የማለፍ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነና መቼ ሊደርስ እንደሚችል ነው።

ከተለመደው ወሰን ሲያልፍ የሚደርሰው ጉዳት በቅርቡ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያና በ2015 ዓ.ም. መባቻ ባሮና ሌሎቹ ወንዞች አፋፋቸውን ጥሰው በመውጣታቸው በክልሉ ከ180 ሺህ በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ውሃው የመጣው እንዲሁ ከደጋው ነበር። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው አነጋገር በሁለቱም ስፍራ ይሠራል። ከወንዙ ግርጌ ያለው ሰው ሰማዩን እያየ ይዘናጋል፤ አደጋው ግን በሰማይ ሳይሆን በወንዝ ይመጣል።

አንድ ቁጥርና አንድ መስመር የሚያስከትሉት ስሕተት

በሰሜን አሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ በምትገኘው የግራንድ ፎርክስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 የደረሰው ሁኔታ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የአገሪቱ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት በበረዶው መቅለጥ ምክንያት ወንዙ እስከ 15 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደሚደርስ አስቀድሞ ተናገረ። ሕዝቡም ይህን ቁጥር ይዞ ግድቡን በአሸዋ ከረጢት ከቁጥሩ ጥቂት ከፍ አደረገና ተረጋጋ። ወንዙ ግን ከ16 ሜትር ተኩል በላይ ደርሶ ግድቡን በማለፉ ወደ 50 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ለመውጣት ተገደደ። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሰጡት ትንበያዎች ከእውነተኛው ከፍታ በእጅጉ ይለያዩ እንደነበር ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር። ለሕዝቡ የደረሰው ግን ልዩነቱ ሳይሆን አንዱ ቁጥር ብቻ ነበር። ትንበያ መሳሳቱ ያለና የሚኖር ነው፤ ጥፋቱ የስሕተቱ ስፋት ከቁጥሩ ጋር አብሮ አለመነገሩ ነው።

በዚያው አገር ስለ ባሕር ማዕበል የሚወጣው ሥዕልም ተመሳሳይ ችግር አለበት። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማዕበሉ ማዕከል ሊያልፍበት የሚችለው አካባቢ እንደ ሾጣጣ ቅርጽ ተሥሎ ለሕዝብ ይታያል። ሾጣጣው እየራቀ ሲሄድ የሚሰፋው ቀኑ በራቀ ቁጥር የባለሙያው ጥርጣሬ ስለሚሰፋ ነው። ይሁን እንጂ በርካታ ተመልካቾች የሰፋው ማዕበሉ ራሱ ይመስላቸዋል። ከሾጣጣው ውጪ ያለው ሰው «እኔን አይነካኝም» ይላል፤ በመሐሉ አንድ ቀጭን መስመር ከተሠመረ ደግሞ የሁሉም ዓይን በመስመሩ ላይ ያርፋል። በነሐሴ 2004 እ.ኤ.አ. ቻርሊ የተባለው ማዕበል ወደ ፍሎሪዳ ሲቃረብ የብዙዎች ዓይን ያረፈው በመስመሩ አቅጣጫ ባለችው በታምፓ ከተማ ላይ ነበር። ማዕበሉ ግን ከዚያ በስተደቡብ፣ በሾጣጣው ክልል ውስጥ ወደነበረው ጠረፍ ዞሮ ገባ። ሥዕሉ አልዋሸም፤ የተነበበው ግን በሌላ መልክ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት፣ የአንድ ሥዕል ትክክለኛነት የሚመዘነው በሠራው ባለሙያ አእምሮ ውስጥ ባለው ሐሳብ ሳይሆን በሚያየው ሰው አእምሮ ውስጥ በሚፈጥረው ሐሳብ መሆኑ ነው።

አረንጓዴው ቀለም ለማን ነው?

በአገራችን የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሥራ የተወለደው ከድርቅ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው በወሎና በትግራይ ከደረሰው ረኃብ በኋላ ነበር፤ የቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ክፍሉም እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ሲጀምር ዋነኛ ተግባሩ የዝናብ መታጣትን፣ የሰብል መበላሸትንና የእህል ዋጋ መናርን መከታተል ነበር። የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ድርጅት በ1973 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የወቅት ትንበያ ሲጀመርም አብዛኛው አንባቢ በካርታው ላይ የሚፈልገው ዝናብ የሚያንስበትን ቦታ ነበር። ይህ ተገቢ ነበር። ሆኖም በዚሁ ልማድ የሠለጠነ ዓይን የጋምቤላን ካርታ ሲያይ ይሳሳታል።

በምሥራቅ አፍሪካ የወቅት ትንበያ ካርታዎች ላይ ከመደበኛ በላይ ዝናብ የሚጠበቅበት አካባቢ በአብዛኛው በአረንጓዴ፣ ከመደበኛ በታች የሚጠበቅበት ደግሞ በቢጫና በቡናማ ይቀባል። ለሰሜን ሸዋ ወይም ለዋግ ገበሬ አረንጓዴ ተስፋ ነው። ለኢታንግ፣ ለላሬና ለጂካዎ ነዋሪ ግን በባሮ ራስጌ ያለው ደጋ አረንጓዴ መቀባቱ የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊሆን ይገባዋል። በሌላ በኩል በመንገድ መብራትና በአደጋ ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ «ደኅና ነው፣ እለፍ» ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ወረቀት በአረንጓዴ ሥጋትን ሲናገር ሌላው በአረንጓዴ ደኅንነትን ይናገራል። ሁለቱ ካርታዎች በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ከተለጠፉ፣ የሚያነባቸው ሠራተኛ የትኛውን እንዲያምን ይጠበቃል?

ሁለተኛው ችግር የመቶኛው አነጋገር ነው። የወቅት ትንበያ ለሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛና ከመደበኛ በታች ነው። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ 45፣ 35 እና 20 በመቶ ተብሎ ሲቀርብ፣ ትርጉሙ ከመደበኛ በላይ ዝናብ የመዝነብ ዕድሉ ከመቶ 45 ነው ማለት ብቻ ነው። ሆኖም አንዳንዱ አንባቢ ዝናቡ በ45 በመቶ የሚጨምር፣ ሌላው ደግሞ ከአካባቢው 45 በመቶ የሚሆነው የሚዘንብበት አድርጎ ይረዳዋል። ስለዚህ ለሕዝብ የሚሠራው ሥዕል መቶኛን ትቶ ክረምቶችን ቢቆጥር ይሻላል። አሥር ጎጆዎች በወንዝ ዳር ተሥለው አራቱ ወይም አምስቱ ውሃ ሲገባቸው ቢታዩና «ይህን የመሰለ ክረምት አሥር ጊዜ ቢመጣ በአራት ወይም በአምስት ክረምት ውሃው ከተለመደው በላይ ይሆናል» ቢባል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሽማግሌ እንኳ በራሱ ዕድሜ ከቆጠራቸው ክረምቶች ጋር አገናዝቦ ይረዳዋል። እዚህ ላይ ግን የወቅት ዝናብ ብዛትና የአንድ ሳምንት ሙላት አንድ አለመሆናቸው ሊታወቅ ይገባል። የወቅት ትንበያ ለዝግጅት፣ የቀናት ትንበያ ደግሞ ለመንቀሳቀስ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሥዕል ላይ መደባለቅ የለባቸውም።

የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው ሰዎች ወደማያውቁት መሬት ሲዛወሩ ነው። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሠፈራ ዘመቻ በአገሪቱ በጠቅላላ 600 ሺህ ያህል ሰዎች ከሰሜኑና ከመካከለኛው ክፍል ወደ ደቡብ ምዕራብና ምዕራብ ተዛውረዋል። ከእነዚህ መካከል ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ሀዲያ የመጡ በጋምቤላ ሠፍረዋል። በውሃ እጦት ምክንያት ከቀዬው የተነሣው የደጋ ገበሬ በወባና በወንዝ ሙላት አገር ሲገባ፣ ነባሩ ሕዝብ በዘመናት ያከማቸው የመሬት ዕውቀት ከእርሱ ጋር አልነበረም። የትኛው ጉብታ በክረምት ደረቅ ሆኖ እንደሚቆይ፣ የትኛው ሜዳ በበጋ አምሮ በክረምት ሐይቅ እንደሚሆን የሚያውቁት የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ነበሩ። መሬቱ ያለ ፈቃዱ የተቆረሰበት ነባር ሕዝብ ደግሞ ይህን ዕውቀት ለማካፈል ብዙ ምክንያት አልነበረውም።

በቅርብ ዘመንም ተመሳሳይ ትምህርት ተገኝቷል። በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ በ2006 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ስደተኞች በኑዌር ዞን በሚገኙት በሌይችዎርና በኒፕኒፕ ጣቢያዎች ሠፍረው ነበር። በዚያው ዓመት ነሐሴ ጣቢያዎቹ በውሃ ተጥለቀለቁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ስደተኞችም በሚቀጥለው ዓመት ጀዊን ወደመሳሰሉ ሌሎች ቦታዎች እንደገና ተዛወሩ። ከጦርነት የሸሸ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ከውሃ ሸሸ ማለት ነው።

ለሠፈራ ቦታ መረጣ በሚቀርቡ ጥናቶች ላይ «በ100 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ጎርፍ» የሚል አነጋገር ይገኛል። ይህን የሰማ ኃላፊ በዘመኑ የማይደርስ ነገር አድርጎ ቢያየው አይፈረድበትም። ትክክለኛው ትርጉም ግን በእያንዳንዱ ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ነው ማለት ነው። አንድ መንደር 30 ዓመት የሚቆይ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመጥለቅለቅ ዕድሉ ከአራት አንድ ያህል ይሆናል። «በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ» የተባለው ጎርፍ ደግሞ በአሥር ዓመት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከሦስት ሁለት እጅ ያህል ነው። ስለዚህ ለኃላፊዎች የሚቀርበው ካርታ «ጎርፍ የሚደርስበት» እና «የማይደርስበት» ብሎ በአንድ መስመር ከመክፈል ይልቅ፣ ቀለሙ ከወንዙ እየራቀ ሲሄድ በደረጃ እየደበዘዘ ሊሄድና በዳሩ ላይ «በመንደሩ ዕድሜ ውስጥ» የሚደርሰውን ዕድል ሊያሳይ ይገባል። ከመስመሩ አሥር ሜትር ወዲያ የተሠራ ቤት በመስመሩ ምክንያት ደረቅ ሆኖ አይቀርም።

በወደቡ ላይ የሚቆመው ምሰሶ

ለሕዝቡ ከካርታ ሁሉ የሚበልጠው ካርታ ወንዙ ራሱ ነው። በጋምቤላ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ቋንቋዎች፣ ከእነርሱም ጋር አማርኛና ሌሎች ቋንቋዎች ይነገራሉ። በአንዱ ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ ለሌላው ዝም ያለ ወረቀት ነው። ታንኳ በሚቆምበትና ሴቶች ውሃ በሚቀዱበት ቦታ የሚተከል የመለኪያ ምሰሶ ግን ሁሉም በየዕለቱ የሚያየው ነው።

ምሰሶው ሦስት ነገሮችን እንዲያሳይ ሊደረግ ይችላል። አንደኛ፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያስታውሷቸው ትልልቅ ሙላቶች የደረሱበት ከፍታ ይቀረጽበታል። ሰው ያልደረሰበትን አደጋ ለማመን ይቸገራልና፣ ያለፈው ምልክት ለመጪው ምስክር ይሆነዋል። ሁለተኛ፣ ከሥር ወደ ላይ በሦስት ሰፋፊ ቀለሞች ይከፈላል። ቀለሙ በደለል ሊሸፈን ስለሚችልና ቀይና አረንጓዴን የማይለዩ ሰዎች ስላሉ፣ ደረጃው በቀለም ብቻ ሳይሆን በአንድ፣ በሁለትና በሦስት ቁርጥ ምልክቶችም ሊታወቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱ ሁለት ቀለበቶች ይታሰሩበታል። የታችኛው ውሃው ቢያንስ ይደርሳል የሚባልበትን፣ የላይኛው ቢበዛ ሊደርስ የሚችልበትን ከፍታ ያሳያሉ። ቀኑ እየቀረበ የደጋው የዝናብ ልክ ሲታወቅ ቀለበቶቹ ይቀራረባሉ። በዚህም ሕዝቡ የባለሙያውን ጥርጣሬ፣ ጥርጣሬው ሲጠብም ጭምር፣ በዓይኑ ያያል። ውሃው አንዳንድ ጊዜ ከላይኛው ቀለበት ሊያልፍ እንደሚችልም ከመጀመሪያው ሊነገር ይገባል።

ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚገባው ተግባር ከወጪው ጋር መመዛዘን አለበት። ዘርና እህልን ወደ ቆጥ ማውጣት ጉልበት እንጂ ኪሣራ የለውም፤ ስለዚህ ዕድሉ አነስተኛ ቢሆንም ሊደረግ ይገባል። ሕፃናትን፣ ሕሙማንን፣ አረጋውያንንና ጥጆችን አስቀድሞ ማሻገር ከዚህ ይከብዳል፤ ዕድሉ ሲጨምር ይደረጋል። መንደሩን በሙሉ ማንሣት ግን አዝመራን ጥሎ መሄድ በመሆኑ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ሕዝቡ በመጀመሪያው ምልክት ሁሉንም እንዲያደርግ ከታዘዘ በሁለተኛው ዓመት ምንም አያደርግም።

ይህ ዓይነቱ ቀላል ምልክት የድሆች መፍትሔ ተብሎ ሊናቅ አይገባውም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1970 በደረሰው ማዕበል 300 ሺህ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ከቀይ መስቀል ጋር በተመሠረተው የማዕበል ዝግጅት ፕሮግራም የመንደር በጎ ፈቃደኞች በድምፅ ማጉያ እየለፈፉ፣ እንደ አደጋው ደረጃ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ባንዲራ እየሰቀሉ ሕዝቡን ወደ መጠለያ መምራት ጀመሩ። መጠለያዎችና የጠረፍ ግድቦች መሠራታቸውም ረድቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲደርስ የሟቾቹ ቁጥር በሺዎች እንጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አልሆነም። የጨርቁ ኃይል ከጨርቁ ሳይሆን ሰቃዩን ጎረቤቱ ስለሚያውቀውና ከተሰቀለ በኋላ ወዴት እንደሚኬድ ስለሚታወቅ ነው።

እምነት እንዴት ይጠበቃል?

ኃላፊዎች ጥርጣሬን ለሕዝብ ለመግለጽ የሚያመነቱት በሁለት ምክንያት ነው። ሕዝቡ ይሸበራል ይላሉ፤ አደጋው ሳይደርስ ቢቀር ደግሞ እንደ ውሸታሙ እረኛ እንቆጠራለን ብለው ይሠጋሉ። ሁለተኛው ሥጋት እውነትነት አለው፤ መድኃኒቱ ግን ዝምታ አይደለም። «ይመጣል» ብሎ ያልመጣበት መሥሪያ ቤት ዋሽቷል፤ «ከአሥር ሦስት ዕድል አለው» ብሎ ያልመጣበት ግን አልዋሸም። ይህ እንዲታወቅለት የሚሻ ቀበሌ በምሰሶው አጠገብ ሰሌዳ አቁሞ የተሰጠውን ማስጠንቀቂያ ሁሉና ውሃው በእርግጥ የደረሰበትን ከፍታ በየክረምቱ ቢመዘግብ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕዝቡ ራሱ ዳኛ ይሆናል። አደጋው ማለፉም እንደ መምጣቱ ሁሉ በግልጽ ሊነገር ይገባል። በከፍታ ቦታ ላይ የተረሳ ቤተሰብ በሚቀጥለው ጊዜ አይወጣም።

ማናቸውም ሥዕል ከመታተሙ በፊት በመንደር ሊፈተን ይገባል። ፈተናው «ሥዕሉ ያምራል?» የሚል አይደለም። ለአሣ አጥማጁ፣ ለከብት ጠባቂው ልጅ፣ ለአዲስ ሠፋሪውና በተለይም ቤት ለምትውለው እናት ሥዕሉ ታይቶ «ይህን ብታዪ ዛሬ ማታ ምን ታደርጊያለሽ?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሶቹ ከተለያዩ ስሕተቱ የተመልካቾቹ ሳይሆን የሥዕሉ ነው፤ እንደገና ይሠራ።

በመጨረሻም የሥራው ቅደም ተከተል ግልጽ ሊሆን ይገባዋል። ከደጋው የዝናብ ጣቢያዎች እስከ ጋምቤላ፣ ከጋምቤላም በታች እስካሉት ወረዳዎች መልእክቱን የሚያስተላልፍ፣ ተቀብሎም ቀለበቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው በስም ተለይቶ ይታወቅ፤ ለሌሊቱም ተተኪ ይኑረው። የአደጋ ሥራ መሥሪያ ቤቶች፣ የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎችና የእርዳታ ድርጅቶች በየራሳቸው ቀለምና ምልክት ከመሥራት ይልቅ ከክረምቱ በፊት ተስማምተው በአንድ ምልክት ይጠቀሙ። የባሮን ውሃ ማንም ሊያቆመው አይችልም። በኢታንግ ያለችው እናት ግን ባለሙያው የሚያውቀውንም የሚጠራጠረውንም በአንድ ምሰሶ ላይ አይታ፣ ልጆቿንና ዘሯን ይዛ በቀን ብርሃን እንድትወጣ ማድረግ ይቻላል።